ንጹህ አልጋ

እትዬ ጨርቆቹን ይዘው የመጡት የልጄ መውለጃ ወር ከገባ በኋላ ነው። አሮጌ አንሶላ፣ ያረጀ ነጠላ፣ የራሳቸው የድሮ ቀሚስ፣ ሁሉም በልክ በልኩ ተቀዶ፣ በፈላ ውሃ ተቀቅሎ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ በፌስታል ታስሯል። አልጋዬ ላይ አስቀመጡትና አጠገቡ ቁጭ አሉ።

«በይ እንግዲህ ሙሽሪት» አሉኝ። «የእኔ ዝግጅት አልቋል። ልጅቱን ይዤ ሆስፒታል የምገባው እኔ ነኝ። አንቺ ቤትሽ ሆነሽ ገንፎሽን አገንፊ።»

ሙሽሪት የሚሉት እኔን ነው። ሰባት ወልጄ፣ ጥርሴ መርገፍ ከጀመረ በኋላም ለእሳቸው ሙሽራ ነኝ። የባሌ ታላቅ እህት ናቸው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። እናቴ ስትድረኝ የባልሽን ታላቆች ስም በአፍሽ እንዳትጠሪ ብላኛለች፤ በእጅ መጻፍም ያው መጥራት ነው። እትዬ ነው የምላቸው።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ እትዬ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ልጄ በሩን ተደግፋ ወገቧን ይዛ ትስቃለች። አክስቷን ትወዳለች። ወርቃ ከሚባለው አገር ከባሏ ቤት የመጣችው የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው ብለን ነው። ቁመቷ አጭር ስለሆነ ጤና ጣቢያ አይሆንም፣ ዲላ ሆስፒታል ነው የምትወልደው ብለዋታል። እሷ ትስቃለች፣ እትዬ ይስቃሉ፣ እኔ ደግሞ ፌስታሉን አያለሁ። እነዚህ ጨርቆች ልጄን ይገሏታል እላለሁ በልቤ። ግን እንዴት ብዬ ላውጣው? አገሩ ሁሉ እኔን ከሞት ያተረፉኝ እትዬ ናቸው ብሎ ያምናል። እሳቸውም ያምናሉ። ቤተ ክርስቲያን ቆመው መስክረውበታል፣ እኔም ተቀምጬ አሜን ብያለሁ።

ነገሩን ከመነሻው ልናገር።

የመጨረሻውን ልጅ ያረገዝኩት ይቺኑ ትልቋን ልጄን ከዳርኩ በኋላ ነው። ልጅ ድረው ማርገዝ እኛ ዘንድ ያሳፍራል። «ከልጇ ጋር እሽቅድምድም ገባች» ይሉሻል ገበያ ላይ። ስለዚህ ሰፊ ቀሚስ እየለበስኩ፣ ነጠላዬን ከፊት ለፊት እየጣልኩ ደበቅኩት። ያወቀችብኝ የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ ናት። ማሳ ድረስ መጥታ እግሬን አየች።

«እማማ፣ እግርሽ ምን ሆኖ ነው?»

«ጭቃ ነው» አልኳት።

«ጭቃ ያብጣል እንዴ?» ብላ ሳቀችና ሆዴን ዳሰሰችኝ። ወዲያው ሳቋ ጠፋ።

ወናጎ ጤና ጣቢያ ክንዴን በመለኪያው አስረው ነፉት፣ ከዚያ እርስ በርስ ተያዩ። ደም ግፊት ነው አሉኝ። ዕድሜሽም ገፍቷል፣ ማህፀንሽም ብዙ ሠርቷል፣ ቤት እወልዳለሁ ብለሽ እንዳታስቢው፣ ዲላ ነው አሉኝ።

ምጤ የመጣው ቡናው በቀላበት፣ ሰው ሁሉ ለቀማ ላይ በነበረበት ሰሞን ነው። ጎረቤቶች በቃሬዛ እስከ አስፋልቱ አወረዱኝ፣ ከዚያ አምቡላንስ። ባሌ የተለቀመውን ቡና ለማን ጥሎ ይምጣ? እትዬ ግን የራሳቸውን ቡና ዛፍ ላይ ጥለው አብረውኝ አምቡላንስ ውስጥ ገቡ። ይሄን አልረሳም። በዚያ ዓመት ቀዩ ቡናቸው መሬት ላይ ረግፎ በሰበሰ፤ አንድ ቀን እንኳ አንስተውብኝ አያውቁም።

ልጁ ቶሎ ወጣ። ወንድ ነው አሉኝ። ትንሽ ስለነበረ ወደ ሕፃናቱ ክፍል ወሰዱት፣ እኔን የወለዱት ወደሚተኙበት ክፍል አስገቡኝ። አልጋው ተቀራርቧል፣ አስታማሚ በየአልጋው ጥግ ተቀምጧል። አጠገቤ ከገደብ የመጣች ነጋዴ ተኝታለች፣ እሷም በዚያው ቀን የወለደች፣ አፏ የማያርፍ። ደሟ በአንሶላው አልፎ ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ ብሎ ነበርና ጽዳት የምትሠራዋ ሴት መጥረጊያዋን ይዛ ጮኸችባት።

«እናንተ ከገጠር የምትመጡት! ይሄ ሆስፒታል ነው እንጂ በረት አይደለም እኮ!»

«ምን ላርግ እመቤቴ» አለች የገደቧ። «ወልጄ ነው። ዶሮ ያረድኩ መሰለሽ?»

ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ጽዳቷም ሳቋን መያዝ አቅቷት ፊቷን አዙራ መወልወሏን ቀጠለች። እኔም ሕመሜን ረስቼ ሳቅኩ። እትዬ ብቻ አልሳቁም። ከገጠር የምትመጡት የሚለው ቃል ፊታቸው ላይ እንደ ጥፊ አርፎ ነበር። ዝቅ ብለው በእኛ ቋንቋ በጆሮዬ «በእኛ አልጋ ላይ ይሄ አይሆንም» አሉኝ። «ሞቼ ነው የሚያዩብን።»

እትዬን ለማታውቁ ልንገራችሁ። ደጃቸው ላይ ቅጠል ወድቆ አያድርም። እንሰት ሲፍቁ እንኳ ቀሚሳቸው ላይ ጠብታ አታገኙም። የወላድን ደም ደግሞ ወንድ እንዲያየው፣ ባዳ እንዲረግጠው አይፈቅዱም፤ እኛ ጋ እንደዚያ ነው፣ ደሙ ተሸሽጎ ይታጠባል። ብርድ ወላድ ላይ ከገባ አይወጣም ብለውም የራሳቸውን ጋቢ፣ የቤት ብርድ ልብስ፣ የሆስፒታሉንም ደራርበው አለበሱኝና ዳር ዳሩን ከፍራሹ ሥር ጠቀጠቁት። አንገቴ ብቻ ነው የቀረኝ። ግራ እጄ ላይ ደግሞ መርፌው ተሰክቷል፣ ግሉኮሱ ከላይ ይንጠባጠባል።

አዋላጇ ሲስተር ልጅ ናት፣ ጫማዋ ነጭ፣ እግሯ የማያርፍ። መጣች፣ ብርድ ልብሱን ከጎን ከፍ አድርጋ አየች፣ ሆዴን ጫን ጫን አደረገች።

«ጎበዝ፣ ንጹህ ነሽ። ደም ከበዛብሽ ትጠሪኛለሽ፣ እሺ እናት?»

እሺ አልኩ። ወዲያው ከማዋለጃው በኩል ሴት ጮኸችና ሮጣ ሄደች።

ሲስተር ከመምጣቷ ትንሽ ቀደም ብሎ እትዬ ከሥሬ ያለውን ጨርቅ ስበው፣ ሌላ ንጹህ አድርገው፣ የመጀመሪያውን በነጠላቸው ሸፍነው ወደ ኋላ ቧንቧው ጋ ይዘውት ሄደው ነበር። ከሄደችም በኋላ እንደዚያው አደረጉ። እጃቸው ሲንቀሳቀስ አይታይም፣ እንደ አስማት ነው። አንሶላው ነጭ ነው። ጽዳቷ አልፋ «እንዲህ ነው እንጂ!» አለች ወደ እኛ አልጋ እያሳየች፣ ለገደቧ ሴት እንድትሰማ። እትዬ ቀና አሉ። ደስ አላቸው።

እኔ ግን ከሥሬ ሙቅ ነገር ሲሄድ ይሰማኛል። በወለድኩ ቁጥር ደም አውቃለሁ፣ መጥቶ ይቀንሳል። ይሄኛው አይቀንስም። ደግሞ አያምም። ያመኝ ቢሆን እጮህ ነበር። ዝም ብሎ የሚሄድ ሙቅ ነገር ነው፣ ሰው ተኝቶ ሳለ ከቤቱ ቀስ እያለ ዕቃው እንደሚወጣበት ያለ።

«እትዬ፣ እየፈሰሰኝ ነው» አልኳቸው።

«ይፍሰስ» አሉኝ ግንባሬን እየዳበሱ። «ሆድ ውስጥ የቀረ ደም ነው የሚገድለው። ይውጣልሽ፣ እኔ አለሁ አይደል?»

«ለሲስተር ይንገሩልኝ።»

«ምን ብዬ? ወለደችና ደም ፈሰሳት ብዬ? አትስቅብንም?»

እንደገና ጨርቁን ሳቡ። እንደገና ንጹህ አደረጉ። ሄዱ።

ልጠራት እችል ነበር ትሉ ይሆናል። አፌን ከፈትኩ እኮ። ድምፄ ከደረቴ አልነሳ አለ። ከንፈሬ ደነዘዘ፣ ጆሮዬ ውስጥ ወንዝ የሚሄድ መሰለኝ። እግሬን ላንሳ ብል የተጠቀጠቀው ብርድ ልብስ ያዘኝ። ሰው በክፍሉ ሙሉ ነው፣ ሁሉም ያየኛል፣ የሚያዩት ግን ንጹህ አልጋ ላይ በደንብ የተሸፈነች፣ አስታማሚዋ የማትለያት ሴት ነው። ሁሉም ይቀኑብኛል።

በዚህ መሃል ከቤተ ክርስቲያናችን ዲላ ያሉ ወገኖች ሊጠይቁኝ መጡ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም፣ መቼም ደግ ናቸው። ዙሪያዬን ቆሙ። አልጋዬን እንደ አጥር ከበቡት፣ እጃቸውን ብርድ ልብሱ ላይ ጫኑ፣ ጸሎት ተጀመረ። በትከሻቸው መካከል ሲስተር ስትመጣ አየኋት። ቆመች፣ አየች፣ ጸሎት መሆኑን ስታውቅ በአክብሮት ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ስትጨርሱ ውጡ እሺ፣ ሰዓት አልፏል» ብላ ተመለሰች። ያቺን ነጭ ጫማ ስትርቅ ስሰማ ያለ የሌለ አቅሜን ሰብስቤ ተናገርኩ።

«እየሞትኩ ነው።»

«አትሞቺም በኢየሱስ ስም!» አሉ አንደኛው ወንድም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

«አሜን!» አሉ ሁሉም።

«እየሞትኩ…»

«አሜን! አሜን!»

እኔ ባልኩ ቁጥር እነሱ ከፍ ይላሉ። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ በሕይወቴ ጸሎት ሲያልቅ እንደዚያ ቀን ጓጉቼ አላውቅም።

ሲወጡ እትዬ ሸኝተዋቸው ተመለሱ። እጃቸው ወደ ብርድ ልብሱ ሲሄድ አየሁ፣ ሊቀይሩ ነው። ሲስተር እንደገና ብትመጣ ደግሞ ንጹህ ታገኘኛለች። በዚያች ሰዓት ይሄ እንደ መብረቅ ገባኝ። የሚገድለኝ ደሙ ብቻ አልነበረም። እሳቸው አጠገቤ እያሉ ማንም አያየኝም። ማራቅ አለብኝ፣ እንዴት አድርጌ ግን ላርቃቸው? ወላድ የሚያምራት ነገር አይከለከልም። እሱ ትዝ አለኝ።

«እትዬ፣ የአቮካዶ ጁስ አማረኝ።»

«በዚህ ብርድ?»

«ከበሩ ውጭ ካለው ቤት። አሁን።»

አመነቱ። ጨርቁን አዩ፣ እኔን አዩ። «እንግዲህ ያማራትን ነው» አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

እንደወጡ በግራም በቀኝም እግሬን ጎተትኩ። አልወጣ አለኝ። ዞሬ የገደቧን ሴት አየኋት፣ ልጇን ታጠባለች።

«ግለጪኝ» አልኳት።

«ምን?»

«ብርድ ልብሱን። ግለጪኝ።»

«ሰው ፊት? አንቺ ሴትዮ፣ ደህና ነሽ?» ግን ፊቴን ስታይ ልጇን አስተኝታ፣ ሆዷን በአንድ እጇ ይዛ መጣችና ከእግሬ በኩል ሳበችው። ከዚያ ያወጣችው ድምፅ አሁንም በጆሮዬ አለ።

ሲስተር መጣች፣ ወጣት ሐኪምም ተከትሏት፣ ወንድ ነው፣ ልጄን የሚያክል። ባሌ እንኳ በብርሃን አይቶኝ አያውቅም። ያ ሁሉ ዓይን ሲያፈጥብኝ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ግን እዩኝ እያልኩ ነበር በልቤ፤ እዩኝ፣ እዩኝ። ሲስተር ሆዴን በሁለት እጇ ይዛ እንደ ሊጥ ታሽ ጀመር። «ማህፀኗ አልተኮማተረም! ደም አዘጋጁ!» ትላለች። አንዱ ሁለተኛውን ክንዴን ይወጋል፣ አንዱ አልጋውን ይገፋል።

እትዬ የደረሱት ያኔ ነው። ጁሱን እንደያዙ በሩ ላይ ቆሙ። እኔ ራቁቴን፣ ወንድ አጠገቤ፣ ሰው ሁሉ እያየ። ብርጭቆውን ለቀቁት፣ አረንጓዴው ጁስ ወለሉ ላይ ተበተነ፣ ነጠላቸውን ከላያቸው አውልቀው በላዬ ወደቁ።

«አትግለጧት! ወንድ እያያት! ሰው አይደለችም እንዴ?»

«እማማ ይውጡ! እየሞተች ነው እኮ!»

ጎትተው አወጧቸው። ከእኔ ጋር እስከ ቀዶ ሕክምናው በር ድረስ የመጣው ነጠላቸው ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን በሌላ ሰው አፍ ነው የማውቀው። ደም ያስፈልጋል ሲባል ጸሎት ካደረጉት መካከል ገሚሱ ሰጠ፣ ገሚሱ ሥራ ትዝ አለው። ባሌ ከማሳው ጭቃ እንደለበሰ መጥቶ ሰጠ። ደሙ አልቆም ስላለ ማህፀኔን አወጡት።

ስነቃ የሞትኩ መሰለኝ። አፌ ውስጥ ቱቦ አለ፣ ጉሮሮዬ ድረስ። ልናገር አልችልም። እጄን ላነሳ ስል አልመጣም፤ ሁለቱም በጨርቅ ከአልጋው ብረት ጋር ታስረዋል። መስኮት አይታየኝም። ከራሴ በላይ የሆነ ነገር ጢጥ፣ ጢጥ ይላል፣ ሳያቋርጥ። እስር ቤት እንደዚህ ነው ማለት ነው አልኩ፤ ምን አጥፍቼ ነው አልኩ። አንዷ ነርስ ፊቴ ላይ ጎንበስ አለች።

«እናት፣ ነቃሽ? እጅሽን ያሰርነው ቱቦውን እንዳትነቅይው ነው። አይዞሽ፣ ይፈታል።»

መቼ? ብዬ ልጠይቃት አፌ ሙሉ ነው። ልጄ አለ ወይ? አፌ ሙሉ ነው። ነርሶቹ ከጀርባዬ ስለ ምሳ ያወራሉ፣ ሽሮው ቀጠነ ትላለች አንዷ፣ ትናንትም ቀጥኖ ነበር ትላለች ሌላዋ። እነሱ ወጥተው ይገባሉ። እኔ የምንቀሳቀሰው በዓይኔ ብቻ ነው። ማታና ቀኑ ተደባለቀብኝ። ውሃ ጥሙ ደግሞ! ጨርቅ አርሰው ከንፈሬን ሲያስነኩኝ ጨርቁን ልውጠው ነበር የምደርሰው። ከዚያ እንቅልፍ ይወስደኝና በሕልሜም እታሰራለሁ፣ በዚያኛው ብርድ ልብስ ተጠቅጥቄ፣ ዙሪያዬን ሰው ቆሞ አሜን እያለ።

ቱቦውን ካወጡልኝ በኋላ ያቺ አዋላጅ ልታየኝ መጣች። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ደክሟታል፣ ዓይኗን ታሻለች።

«ያን ቀን እየመጣሁ ነበር የማይሽ» አለችኝ። «ስመጣ ሁሉ ጨርቅሽ ንጹህ ነው። እኛ ደሙን የምናውቀው በጨርቁ ነው፣ እናት። ስንት ነው፣ ምን ይመስላል፣ ረግቷል ወይ። ማን ነበር የሚቀይርልሽ?»

ከክፍሉ የመስታወት በር ውጭ እትዬ ቆመዋል። መግባት ስለተከለከለ ቀኑን ሙሉ እዚያው ነው የሚቆሙት አሉኝ። እጃቸውን ያወዛውዙልኛል፣ ያለቅሳሉ፣ ደግሞ ያወዛውዙልኛል።

«እኔ እንጃ» አልኩ።

ሲስተር ወደ በሩ ዞር ብላ አየች፣ መልሳ እኔን አየችኝ።

ልጁ ተርፎ፣ እኔም ተርፌ ቤት ገባን። በመጀመሪያው እሁድ እትዬ ለምስክርነት ተነሡ። «ስንቴ እንደቀየርኩላት ጌታ ያውቃል። ከጎኗ ዞር ብዬ አላውቅም። አንዴ ብቻ ጁስ አማረኝ ብላ ልካኝ፣ በዚያች ቅጽበት ሰይጣን ገባ!» አሉ። ሕዝቡ ሃሌ ሉያ አለ። ሁሉም ዞሮ እኔን አየ። እኔም አሜን አልኩ። ቡናቸውን ጥለው የመጡ ሴት ናቸው። ምን ልል ነበር?

እንግዲህ ፌስታሉ አልጋዬ ላይ የተቀመጠው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ልጄ በየቀኑ ትከብዳለች፣ እኔ በየቀኑ ዛሬ እናገራለሁ እልና እተወዋለሁ። ለልጄ ልንገራት ብል ትፈራለች። ለባሌ ነገርኩት። እሱ ራሱን ያዘ።

«አንቺ ተርፈሻል፣ ልጁ ተርፏል» አለኝ። «እህቴን በቁሟ ልትቀብሪያት ነው?»

«ልጄን ከምቀብር…»

«ዝም በይ! አፍሽን እንዲህ አታርጊ!»

ግን አንድ ቀን እንሰት እንፍቃለን፣ እኔና እትዬ። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ከባዱን አልችልምና እሳቸው ይፍቃሉ፣ እኔ እሰበስባለሁ። ልጄ ከቤት ውስጥ ታንጎራጉራለች። ድምጿን ስሰማ አፌ በራሱ ተከፈተ።

«እትዬ፣ የልጅቱን ጨርቅ አያጥቡት።»

«ምን አልሽ?»

«ደም ሲነካው ለሲስተር ያሳዩት። ሳያሳዩ አያንሱት።»

መፋቂያው ቆመ። «ምን ስትዪ ነው ሙሽሪት?»

«እኔ ያን ቀን ልሞት የነበረው ንጹህ ስለነበርኩ ነው።»

ዞረው አዩኝ። መጀመሪያ የገባቸው አልመሰለኝም። ቀስ እያለ ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ፤ ሰው ከእግሩ በታች መሬቱ ሲሄድበት የሚሆነውን ሆኑ።

«እኔ ነኝ የገደልኩሽ ነው የምትዪኝ?»

«አልሞትኩም እኮ እትዬ።»

«ታዲያ ለምን አሜን አልሽ?» ድምፃቸው ተሰበረ። «ያን ሁሉ ሰው ፊት ስናገር ለምን አሜን አልሽ? አሞኘሽኝ እኮ! ዕድሜዬን ሙሉ ስታስቂብኝ ልትኖሪ ነበር?»

መፋቂያውን አስቀመጡ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ደጃችንን አልረገጡም። ቤተ ክርስቲያን ሌላ ረድፍ ተቀመጡ። ባሌ አያናግረኝም። ልጄ «አክስቴን ምን አደረግሻት?» ትለኛለች። ቤቴ ውስጥ ሆኜ መግቢያ አጣሁ።

ልጄ ያማጠችበት ጠዋት ግን አምቡላንሱ አስፋልቱ ላይ ሲቆም እትዬ ከየት እንደመጡ እንጃ፣ ቀድመውን ቆመዋል። ሰላምታ የለም። ገብተው ከልጅቱ ራስ አጠገብ ተቀመጡ፣ ወገቧን ያሻሉ። እኔን አያዩኝም። ፌስታሉን ግን ከእኔ እጅ ወስደው ጭናቸው ላይ አድርገውታል።

ዲላ እንደደረስን ልጄን አስገቧት። የክፍሉ ዘበኛ እጁን ዘረጋብን።

«አስታማሚ አንድ! አንድ ብቻ!»

ያ የመድኃኒት ሽታ በበሩ ወጥቶ ያዘኝ፣ ሁለቱም የእጄ አንጓዎች የታሰሩበት ቦታ ላይ ተቃጠሉ። አምላክ ምስክሬ ነው፣ እትዬ ይግቡ ልል ነበር። ብቻ አልገባ፣ ብቻ ያ ጢጥታ አይሰማኝ።

«ወስኑ እንጂ፣ ሰው ከኋላ አለ!» አለ ዘበኛው።

እጄን ወደ ፌስታሉ ዘረጋሁ። እትዬ አልለቀቁትም። እኔም አልለቀቅኩትም።

«እኔ ልግባ፣ እትዬ።»

«ግቢ» አሉ ወደ ሌላ በኩል እያዩ። «ማን ያዘሽ?» እጃቸው ግን እስኪላላ ቆየ።

ልጄ ከሰዓት በኋላ ወለደች። ሴት ናት። ልጄን ብርድ ልብስ ሊያለብሷት ሲሉ አንድ ይበቃታል አልኩ፣ ዳሩንም አልጠቀጠቅኩም። ሲስተሯ ሌላ ናት፣ የማላውቃት። ባለፈች ቁጥር ጨርቁን አወጣሁላት።

«እዪው ሲስተር።»

«አሁን አይቼው ነበር እኮ ማዘር።»

«አሁንም እዪው።»

አየች። «ደህና ነው፣ ልክ ነው» አለች፣ ፈገግ እያለች። «እማዬ በናትሽ፣ ልተኛበት፣ ሰው እያየኝ ነው» ትላለች ልጄ ፊቷን በትራሱ ደብቃ። ይዩሽ አልኳት። እኔ አልተቀመጥኩም። መቀመጥ አልቻልኩም፤ ብቀመጥ የሚያልፍብኝ ነገር ያለ ይመስለኛል። አንሶላው ቆሽሿል፣ ጽዳቷ አየችንና ከንፈሯን ነከሰች፣ እኔም መልሼ አየኋት።

ያኔ ነው ከመስኮቱ ውጭ የሰማሁት። በግቢው ሣር ላይ አስታማሚው ሁሉ ቴርሞስና ምሳ ዕቃ ይዞ ተቀምጧል፣ ወንዱም ሴቱም፣ ሽማግሌውም። በመሃላቸው እትዬ ቆመዋል፣ ነጠላቸው እንደ ልማዳቸው ነጭ፣ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው በአማርኛ ይጮሃሉ። የእሳቸው አማርኛ የገበያ አማርኛ ነው፣ ከዋጋ ክርክር ያለፈ አይሞክሩትም ነበር።

«ሙሽሪት! ደሙ ስንት ነው? አሳየሽ?»

ግቢው ሁሉ ዞሮ አያቸው። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣውን ወደ ዓይኑ ዝቅ አደረገ። ዘበኛው «እማማ፣ ኧረ ትንሽ እንኳ አያፍሩም!» ይላቸዋል። አልሰሙትም።

«ደሙን አሳየሽ ወይ ነው የምልሽ!»

መስኮቱ ጋ ሄጄ ብረቱን ያዝኩ።

«አሳየሁ እትዬ! ልክ ነው አሉ!»

«ደግሞ አሳዪ!» አሉና እዚያው ቆሙ።